ሐጂ ያዳመጡት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬ መንጫጫት የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቀኑን የማልረሳው ለቅዳሜ የመቂዎቹን ሰርግ ጨርሼ ላስረክብ ቃል ገብቼ ስለነበር ነው።

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁ። ሠራተኛዋም አለቃዋም እኔ ነኝ። ካሜራዬን ይዤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያልገባሁበት ድንኳን ጥቂት ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ግን ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ጠረጴዛዬ ሥር በተቀመጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ሳጥኑን ከአንዱ፣ ሃርድ ዲስኩን ከሌላው፣ የቪዲዮ ካርዱን ጌም ቤቱን ከዘጋ ሰው እየገዛሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ኢንተርኔት ላይ እያየሁ እኔው ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑ የበራ ቀን ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤቶቼ የታጨሁ መስሏቸው መጥተው ነበር።

ታዲያ ያን ማክሰኞ ሳበራው «ትርርርርር» አለ። ፌስታል በብስክሌት ጎማ መሐል ሲገባ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ «ትርርርርር»። ሳጥኑን በመዳፌ መታ ሳደርገው ዝም ይላል፣ እጄን ሳነሳ ይቀጥላል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራዬን ትቼ እከፍተዋለሁ እንጂ አልደነግጥም ነበር። የመቂው ሰርግ ግን ሌላ ነገር ነበረበት።

የሙሽራዋ አባት ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የሚቆልፉ፣ ሰው ሲያወራቸው «እሺ» እና «ይሁን» ብቻ የሚመልሱ ሰው። በሰርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። መቂ ላይ ዝናብ ሲመጣ ከነፋሱ ጋር ነው፤ የድንኳኑን አንድ ጎን ገነጠለው። ሙሽሮቹን እያስሮጡ መኪና ውስጥ አስገቧቸው። እንግዳው ወደ ቤት ተጋፍቶ ገባ። እናትየው ጓዳ ነበሩ፣ ወጡ እንዳይበላሽ እየተሟገቱ። የመዘምራኑ ወጣቶች ግን ባልተገነጠለው ጎን ሥር ሆነው መዝሙሩን አላቋረጡም። እኔም ካሜራዬን በፌስታል ጠቅልዬ አንዱ ምሰሶ ሥር ቀርቻለሁ። ያኔ የሙሽራዋ አባት ከቤት ወጡ። ኮታቸውን አወለቁና በረንዳው ላይ ለነበረ ሰው ሰጡት። ቀስ ብለው ወደ ዝናቡ ገቡ። ከዚያ ዘለሉ! እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየተረጨ፣ ከመዝሙሩ ጋር ዘለሉ። አራት ደቂቃ ያህል። ሲጨርሱ ኮታቸውን ተቀብለው፣ ቆልፈው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ገቡ።

ሙሽራዋ ይህን የሰማችው በወሬ ነው። ከጫጉላው በኋላ ደወለችልኝ።

«እህቴ፣ እውነት ቀርጸሽዋል?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው!»

«እማዬ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብላለች። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እግሩን ሲያነሳ አላየሁም ትላለች። እሱን ስንጠይቀው ደግሞ ድንኳኑን ልይዝ ነው የወጣሁት ይላል።»

በየሁለት ቀኑ እየደወለች «አለ አይደል?» ትለኛለች። እኔም «አለ» እላለሁ። ያለው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የካሜራዬን ካርዶች በሚቀጥለው ሳምንት ለባቱ ሰርግ ስለፈለግኋቸው አጥፍቻቸዋለሁ። ትርፍ ቅጂ የማስቀምጥበት ዲስክ ከሞላ ቆይቷል፤ ዛሬ ነገ እገዛለሁ ስል ነው የከረምኩት። ስለዚህ አባትየው የሚዘሉት ጠረጴዛዬ ሥር «ትርርርርር» በሚለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

ብሎኖቹን ፈትቼ ጎኑን ስከፍት ያወጣሁት አቧራ አንድ ትራስ ይሞላል። የአዳማ ነፋስ መስኮት ቢዘጋም መግቢያ አያጣም። በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት፤ ግን ማቀዝቀዣ ፋኖቹ መሐል የተጋገረው አልለቅ አለ። ሳጥኑን ታቅፌ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሐጂ ጋራዥ ሄድኩ፤ ኮምፕሬሰር አላቸው።

ሐጂ ዕድሜያቸው ሰባን ገደማ ነው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አዳማ ቀሩ። ሥራቸው የውሃ ፓምፕና ጀነሬተር መጠገን ነው፤ የመቂና የባቱ ገበሬዎች የመስኖ ፓምፓቸውን በፒክአፕ ጭነው ያመጡላቸዋል። የግራ ጆሯቸው ከሞተር ጋር ሲኖር ደክሟል፤ ሲያወሯቸው ቀኙን ያዞራሉ።

«ይቺ ሳጥን ምኗን አመማት?» አሉኝ።

«ትጮሃለች ሐጂ። አቧራውን ልንፋላት ነው።»

የኮምፕሬሰሩን ቱቦ አቀበሉኝ። ፋኑ በአየሩ ኃይል እንዳይሽከረከርና እንዳይበላሽ በጣቴ ይዤ ነፋሁት። ሐጂ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን ዘረጉ። «ያቺን ሽቦ እያት» አሉ። ከፋኑ ሥር አንዲት ቀጭን ቢጫ ሽቦ ከማሰሪያዋ ወጥታ የፋኑን ክንፍ ትነካ ነበር። ጫፏ ላይ ልጣጩ ተፍቋል። «ትርርር» የምትለው እሷ ነበረች! ሽቦዋን በክር ወደ ጎን አስሬ፣ ክፍሌ ወስጄ አበራሁት። ድምፅ የለም። ከደስታዬ ወንበሬ ላይ ተሽከረከርኩ።

ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። ረቡዕ ጠዋት ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ጆሮዬን በየክፍሉ አስጠጋሁ፣ ፋኖቹን አንድ በአንድ በጣቴ አቆምኩ። ፉጨቱ አለ። ነቅዬ እንደገና ሰካሁ። አለ። በመጨረሻ ተናድጄ ኮምፒውተሩን ጭራሹን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ፉጨቱ አሁንም አለ! ለካ የመስኮቱ መስታወት ጥግ ላይ ማጣበቂያው ተነስቶ ነፋሱ ነው የሚያፏጨው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የአዳማን ነፋስ ስጠግን መዋሌ ነው። ቀዳዳውን በወረቀት ደፍኜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ሥራውን ቀጠልኩ። ቆራርጬ የቀጣጠልኩትን ቪዲዮ ኮምፒውተሩ አንድ ወጥ አድርጎ እንዲያወጣው የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ እኛ ሬንደር እንለዋለን። ይህ ለኮምፒውተር ከባዱ ሥራ ነው። ሦስት ደቂቃ ሄደ። ከዚያ፣

«ቀጭ።»

ቆም አለ። «ቀጭ። ቀጭ።»

ስክሪኑ ደረቀ። ማውሱን ባንቀሳቅስ ምንም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ተነሳ። እንደገና ሬንደር ስጀምር «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ»፣ ደረቀ። በሦስተኛው ጊዜ ሲነሳ ዲስኩን ጭራሽ አላየውም አለኝ።

ለአንድ የማውቀው የኮምፒውተር ባለሙያ ደወልኩ። ስልኩን ሳጥኑ ላይ አስጠግቼ አሰማሁት።

«ኡ! አጥፊው» አለ ወዲያው። «ሃርድ ዲስኩ ነው። እንዲህ ቀጭ ቀጭ ካለ በቃ፣ ሞቷል። ዳግመኛ እንዳታበሪው፤ ባበራሽው ቁጥር ውስጡን ይቧጭረዋል።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«አዲስ አበባ ከፍተው የሚያወጡ አሉ ይባላል። ተስፋ አላደርግም።»

ስልኩን ዘጋሁት። እንዳስቀመጥኩት ጮኸ። ሙሽራዋ ናት። ስሟን እያየሁ አላነሳሁም። እንደገና ጮኸ፤ አላነሳሁም። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ አላውቅም ነበር። «አባትሽን አጥፍቻቸዋለሁ» ተብሎ በምን አፍ ይነገራል? ያን ቀን በጊዜ ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ምግብም አልቀመስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ከፍቼ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ሐጂ ወደ ጋራዣቸው ሲያልፉ አዩኝ።

«ምነው ልጄ? ቤትሽ ዛሬ ጸጥ ብሏል።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ዝናቡን፣ ኮቱን፣ ዝላዩን፣ ዲስኩን። ቀኝ ጆሯቸውን አዙረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ አባትየው ዝላይ ስነግራቸው በሳቅ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ሳቁን አቆሙ።

«ድምፁን ማን ሰማው?»

«ባለሙያው፣ በስልክ።»

«በስልክ!» አሉ፣ የተሰደቡ ያህል። «እኔ ሰባት ዓመት ጆሮዬን ሞተር ላይ ተክዬ ነው ድምፅ መለየት የጀመርኩት። አስነሺልኝና ልስማው።»

«ሐጂ፣ እንዳታበሪው ብሎኛል።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ። እጅሽን ማጥፊያው ላይ አድርጊ፤ በቃ ስልሽ ታጠፊዋለሽ።»

እምቢ ልል ነበር። ግን ፊታቸውን ሳይ ከትናንት ወዲህ ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ነገሩ ያለቀለት እንደሆነ የማያምን ሰው። ተነሳሁ።

ከጋራዣቸው አንድ ረጅም ካቻቢቴ ይዘው መጡ። እጀታው እንጨት ነው፣ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ተወልውሏል። ጠረጴዛው ሥር እንዲንበረከኩ ስላልፈለግሁ ሳጥኑን ላይ አወጣሁት። የካቻቢቴውን ጫፍ የሃርድ ዲስኩ ቆርቆሮ ላይ በቀስታ አሳረፉና እጀታውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ተከሉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አስነሺ» አሉ።

አበራሁት። እኔ ከሩቅ የሰማሁት ያንኑ ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። እሳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። አንዴ ቅንድባቸው ተነሳ፣ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውጭ ባጃጅ እየተንጫጫ ሲያልፍ ሹፌሩ የሚሰማቸው ይመስል «ዝም በል!» አሉ። ደቂቃዋ ልታልቅ ስትል «በቃ» አሉ፤ አጠፋሁት።

«ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለ አይደል?»

«አዎ ሐጂ፣ ሳህን የመሰለ።»

«ሳህኑ ደህና ነው።»

«እ?»

«የሚሽከረከርበት ኩሽኔታው አልተበላም። የተበላ ኩሽኔታ ይፈጫል፤ ይሄ አይፈጭም። ስሚኝ፤ ይነሳል፣ ፍጥነት ይይዛል፣ ከዚያ ጉልበት ያጥረውና ይወድቃል። ቀጭ የሚለው ሲወድቅ ነው። እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። መቂዎች ስንት ፓምፕ ሞተ ብለው አምጥተውልኛል መሰለሽ? ፓምፑ ምንም የለውም፤ ናፍታ አይደርሰውም። የዚቺ ናፍታ በየት ነው የሚመጣው?»

በጣቴ አሳየኋቸው፤ ከላይ ጥግ ላይ ያለውን፣ የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለሁሉም ክፍል የሚያከፋፍለውን ሳጥን። ፓወር ሰፕላይ። ስገጣጥም ርካሽ ነው ብዬ የገዛሁት እሱን ነበር።

ካቻቢቴያቸውን እሱ ላይ አዞሩ። «አስነሺ።» አስር ሰከንድ አልፈጀባቸውም። «ይሄ ነው የሚያቃስተው» አሉ።

ለምን ሬንደር ስል ብቻ ይጮህ እንደነበረ በአንድ ጊዜ ገባኝ! ሬንደር ሲጀመር የቪዲዮ ካርዱ ኃይሉን ሁሉ ይስባል፤ ያ ደካማ ሳጥን ለዲስኩ የሚተርፈው ያጣል። እየደከመ ሲሄድ ደግሞ ጭራሽ ማስነሳትም አቃተው። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ኮምፒውተር ጋር ስኖር ያላሰብኩትን፣ ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰው በአንድ ካቻቢቴ ሰምተውት!

«ሐጂ! ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብሰካውስ? ደህና መብራት በሚያገኝበት?»

«እሱን ነዋ የምልሽ!»

ብሎኖቹን እንዴት እንደፈታሁ አላውቅም። ዲስኩን በሻርፔ ጠቅልዬ ሦስተኛው በር ላይ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቷ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ ገደማ ናት። አዲስ የሚባል ኮምፒውተር አላት።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ! ምን ሆነሻል፣ ምን አቅፈሽ ነው?» አለችኝ።

«የሰው ሰርግ! ኮምፒውተርሽን ለትንሽ ጊዜ ላስቸግርሽ፣ እባክሽ።»

«ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቢ!» አለችኝ፤ በኦሮምኛ «ነይ» ማለቷ ነው።

ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ቆሙ። የኮምፒውተሯን ጎን ከፍቼ ዲስኩን ሰካሁ። ሐጂ ካቻቢቴያቸውን እንደያዙ ከኋላዬ ደረሱ። ሴትየዋ ማብሪያውን ልትጫን ስትል «ቆይ!» አልኳት። አንዴ ተነፈስኩ። «እሺ፣ አሁን።»

«ሽሽሽሽ...» አለ። ለስላሳ፣ የማይቆራረጥ። ቀጭታውን እየጠበቅኩ ቆጠርኩ፤ አምስት፣ አስር፣ ሃያ። የለም። ስክሪኑ ላይ «መቂ» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ብቅ አለ። ከፈትኩት። አንዱን ተጫንኩት። ዝናብ! ጭቃ! ኮት የሌላቸው አባት እጃቸውን ዘርግተው!

ጮህኩ። የፎቶ ኮፒዋን ባለቤት አቅፌ ዘለልኩ፤ እሷም ለምን እንደምንዘል ሳታውቅ ዘለለች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሐጂ ግን በእኛ ጩኸት ተቆጥተው በእጃቸው ዝም አሰኙን፤ ካቻቢቴውን ዲስኩ ላይ አሳርፈው እያዳመጡ ነበር። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ጠገበች።»

ግን ገና አላለቀም። ዲስኩ የቱን ያህል እንደተጎዳ ማንም አያውቅም፤ በአስቸኳይ ወደ ሌላ መገልበጥ አለበት። ሐጂን ዘበኛ አቁሜ፣ ማንም እንዳይነካው አደራ ብዬ፣ አስፋልቱ ላይ ካለው ሱቅ አዲስ ዲስክ ገዝቼ በሩጫ ተመለስኩ። መገልበጥ ጀመርኩ። አራት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል አለኝ።

ገና አስር ደቂቃ ሳይሄድ አንዲት ተማሪ ኮፒዋን ጠየቀች። ባለቤቷ ትልቁን ማሽን ስታስነሳ የጣሪያው አምፖል ብልጭ ብሎ ደብዘዝ አለ። ሐጂ ዘለው ተነሱ።

«ያ ሲነሳ ይቺ ትደነግጣለች! ስሚ፣ ስሚ፣ ድምፅዋ ወረደ!»

እውነትም «ሽሽሽ» ያለው ድምፅ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። ሁላችንም የማሽኑን ባለቤት አየናት። የፈተና ሰሞን ነው፤ በዓመት ውስጥ ደህና ሥራ የምታገኝበት ጊዜ ነው። ልለምናት አፌን ስከፍት እሷ እጇን ዘርግታ የኮፒ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ልጆች፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ኑ» አለች። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሽማግሌው ዝናቡ ውስጥ ሲዘሉ ግን ሙሉውን ታሳዪኛለሽ» አለችኝ።

እነዚያን አራት ሰዓታት ሦስታችን እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ሳምቡሳ አስመጣን። ሐጂ ለሶላት ወጥተው ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት «ስንት ደረሰች?» ብለው ነው። ነፋስ በሩን በገፋው ቁጥር መብራት የሚጠፋ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ፤ እሳቸው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይላሉ፣ ራሳቸውም አምፖሉን እያዩ። ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ ሲል ማናችንም አልተነፈስንም። «ተጠናቋል» ሲል የፎቶ ኮፒዋ ባለቤት እልልታዋን ለቀቀችው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ በር ላይ ቆሞ አየን።

ስልኬን አንስቼ ለሙሽራዋ ደወልኩ።

«ስላላነሳሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቅዳሜ ራሴ ይዤ መቂ እመጣለሁ።»

«አለ አይደል?»

«አለ!» አልኩ። ያን ቃል እንደዚያ ቀን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት አዲስ ፓወር ሰፕላይ ልገዛ ስወጣ ሐጂ ብቻሽን አትሄጂም ብለው ተከተሉኝ። ሻጩ ሦስት ዓይነት አወጣ፤ ሁሉም ላይ የተጻፈው የኃይል መጠን እኩል ነው። ሐጂ መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። አንድ በአንድ እያነሱ በእጃቸው መዘኗቸው።

«ይሄ ባዶ ነው» አሉ አንደኛውን። «ይሄም ያው ነው። ይሄኛው ዕቃ አለበት።»

ሻጩ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቀነስ አድርጎ፣ «እውነታቸውን ነው፣ ከባዱ ይሻላል» አለ።

ገጥሜ አበራሁት። ሬንደር አልኩ። ሦስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የፋኑ ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው። ለባለሙያው ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም፤ ከዚያ «እኔ ራሴ መጥቼ ማየት ነበረብኝ» አለ። የሐጂን የጋራዥ አድራሻም ጠየቀኝ።

ቅዳሜ መቂ ስደርስ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ ከመዘምራኑም አንዳንዶቹ። አባትየው ጥጉ ላይ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀምጠዋል። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። ቪዲዮው ድንኳኑ የተገነጠለበት ጋ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ አባትየው ከቤት ወጡ። ኮታቸውን ሰጡ። ዘለሉ።

መጀመሪያ የጮኸችው ሙሽራዋ ናት። ከዚያ ሳሎኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩ፤ ሲያልቅ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ታዲያ ድንኳኑ የታለ በእጅህ?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄን በዳርኩበት ቀን እግዚአብሔር ዝናብ ሲሰጠኝ፣ ቤት ውስጥ ልቀመጥ?» አሉ። ከሰማኋቸው ሁሉ ረጅሙ ንግግራቸው ይህ ነበር። ወደ እኔ ዞረው፣ «መልሺውማ፣ ልጄ» አሉኝ።

አራት ጊዜ መለስነው። በአራተኛው እናትየው ተነስተው እዚያው ሳሎኑ መሐል ዘለሉ፤ ሙሽራዋም፣ አክስቶቹም፣ ያን ቀን ካሜራ ስላልያዝኩ እኔም።

ሰኞ ሐጂ ክፍሌ መጡ። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው። የመቂውን ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው፣ «አሁን አንድ ነገር አሳዪኝ» አሉ። «ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን የተከልኩበትን ሳህን በዓይኔ አላየሁትም።»

መሳቢያዬ ውስጥ ከዓመታት በፊት በእውነት የሞተ አንድ አሮጌ ዲስክ ነበረኝ። ትናንሽ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁት። ሳህኑ ብቅ አለ፤ ጭረት የሌለበት፣ ከመስታወት ይልቅ የሚያበራ። ሐጂ ዲስኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ውስጡ ታየ፤ ጢማቸው፣ ቆባቸው።

«ያን ሁሉ ሰው፣ ዝናቡን፣ መዝሙሩን፣ እዚህ ላይ ነው የሚጽፈው?»

«አዎ ሐጂ።»

«ጽሑፉ የታለ? ምንም አይታየኝም እኮ።»

«በዓይን አይታይም። ያቺ ቀጭን ክንድ እየተመላለሰች ታነበዋለች።»

ክንዷን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው በሳህኑ ላይ አመላለሷት። «ሱብሃነላህ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ደጋግመው አሏት። ከዚያ ቀና ብለው እንደ ወጣት ልጅ በሚያበራ ዓይን አዩኝና፣ «ለባለቤቴ ላሳያት ብወስዳት ትሰጪኛለሽ?» አሉ። እሺ ብዬ ሳህኗን ፈትቼ ስሰጣቸው በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገብተው፣ ለምሳ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ በፍጥነት ወደ ቤታቸው ሄዱ።